የብሮውዘር አሻራ፦ ስማችንን ሳንናገር የሚለዩን እንዴት ነው?

ኢንተርኔት ላይ ማንነታችን የሚታወቀው ስማችንን ስንሞላ ወይም አካውንት ስንከፍት ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ትንሽ ጠንቀቅ የሚለው ደግሞ “ኩኪ” የሚባለውን ያውቃል። ኩኪ ድረ ገጾች ስልካችን ወይም ኮምፒውተራችን ላይ የሚያስቀምጡት ትንሽ ምልክት ነው። ሰውየው ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ይሰርዘዋል፣ የጎበኛቸውን ገጾች ታሪክም ያጠፋል፣ ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ሰው የገባ ይመስለዋል። ኩኪን መሰረዝ ጥሩ ነው፤ ዛሬ የምናነሳውን ነገር ግን አይነካውም።

ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ማለትም ክሮም፣ ሳፋሪ፣ ፋየርፎክስ ወይም ሌላ ብሮውዘር፣ ስለ መሣሪያችን ብዙ ጥቃቅን ነገሮችን ለድረ ገጹ ይናገራል። እያንዳንዱ ብቻውን ተራ መረጃ ነው። አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን አንዱን መሣሪያ ከሌላው የሚለዩ፣ እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግሉ ይሆናሉ። በዚህ መንገድ ሰውን መለየትና መከታተል የብሮውዘር አሻራ መውሰድ ይባላል።

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ስሙን ሳይጽፍ የፈተና ወረቀት የሚያስረክብ ተማሪ አይጠፋም ነበር። የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ብዙም አልቸገርም። አንዱ መስመሩን እያዘመመ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው “ሀ” በሚጻፍበት ሁሉ “ሐ” ያስገባል፣ ሌላዋ ቀለሙ የደበዘዘ እስክሪብቶ አትለቅም። የደበዘዘ እስክሪብቶ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ክፍሉ ውስጥ አምስት ልጆች ይኖራቸዋል። የደበዘዘ እስክሪብቶ፣ የዘመመ መስመር እና “ሐ” አንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ግን አንድ ልጅ ብቻ ይቀራል። የብሮውዘር አሻራም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም።

ምን ምን ይሰበሰባል?

ገጽ ሲከፈት ብሮውዘሩ ዓይነቱንና ስሪቱን፣ የሚሠራበትን ሲስተም፣ እንዲሁም የምንመርጣቸውን ቋንቋዎች በቅደም ተከተል ያሳውቃል። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ ገጹ በሚገባን ቋንቋና በሚመቸን መጠን እንዲቀርብ የታሰበ ነው። በገጹ ውስጥ ያለ የጃቫስክሪፕት ኮድ ደግሞ ጨምሮ ይጠይቃል። ስክሪኑ ስንት በስንት ነው? የሰዓት ሰቁ የየት ነው? ፕሮሰሰሩ ስንት ኮር አለው? የትኞቹ ፎንቶች ተጭነዋል? ካሜራ ወይም አድራሻ ሲጠየቅ እንደሚመጣው “ይፈቀድ?” የሚል መልእክት ለእነዚህ አይመጣም።

ፎንቶችን የሚያውቁበት መንገድ ቀላል ነው። ኮዱ አንድን ቃል በማይታይ ቦታ በአንድ ፎንት ጽፎ ስፋቱን ይለካል። ስፋቱ ከተለመደው ከተለየ ያ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ አለ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት በመቶ የሚቆጠሩ ፎንቶችን ዓይን እስኪጨፈን ባለ ጊዜ ውስጥ መፈተሽ ይቻላል።

ከሁሉም ረቀቅ የሚለው ግን የሥዕሉ ዘዴ ነው። ገጹ ብሮውዘሩን “ይህን ጽሑፍና ይህን ቅርጽ ሣልልኝ” ይለዋል። ሥዕሉ ለእኛ አይታየንም። የግራፊክስ ካርዱ፣ አሽከርካሪ ሶፍትዌሩ እና ፎንቶቹ ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያዩ፣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ተሰጥቶም የሚወጣው ሥዕል በጥቂት ነጥቦች ይለያያል። ኮዱ ሥዕሉን ወደ አንድ ረጅም ቁጥር ይቀይርና ይልከዋል። ኪቶን ማወሪ እና ሆቫቭ ሻካም የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ሊሆን እንደሚችል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ብዙ ጎብኚ ካላቸው 100,000 ድረ ገጾች ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ላይ ዘዴው እየተሠራበት ተገኘ። በድምፅ ማቀነባበሪያውም ተመሳሳይ ነገር ይደረጋል፤ ማይክሮፎን ግን አይከፈትም፣ የሚለካው መሣሪያው ድምፅን የሚያሰላበት መንገድ ነው።

ከኩኪ የሚለየውን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኩኪ እኛ ጋ ስለሚቀመጥ ልንሰርዘው እንችላለን። አሻራው የሚመዘገበው እነሱ ሰርቨር ላይ ነው። እኛ ጋ የሚሰረዝ ነገር የለም፤ ነገ ስንመለስም ያው አሻራ እንደገና ይለካል።

ስንቱን ይለያል?

ከ8 ቢሊዮን ሰው መካከል አንዱን ነጥሎ ለማውጣት፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የቀሩትን በግማሽ የሚቀንስ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው 33 የ“አዎ” ወይም “አይደለም” ጥያቄ ብቻ ነው። ሁሉም መረጃ ግን እኩል አይመዝንም። ከሁለት ሰው አንዱ ያለው ባሕርይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። ከሺህ ሰው አንዱ ብቻ ያለው ባሕርይ ግን ወደ 10 የሚጠጉ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ይመልሳል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነውና ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ የዲጂታል መብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 በፒተር ኤከርስሊ አማካይነት 470,161 የብሮውዘር አሻራዎችን መርምሮ ነበር። ከመካከላቸው 83.6 በመቶው አምሳያ ያልተገኘላቸው ሆኑ። በ2018 በአንድ የፈረንሳይ ድረ ገጽ ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ አሻራዎች የተሰበሰቡበት ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ወደ 33.6 በመቶ አወረደው፤ በሞባይል ብቻ ሲታይ 18.5 በመቶ ነበር። ልዩነቱ የመጣው በከፊል እንደ ፍላሽና ጃቫ ያሉ ብዙ የሚናገሩ ቅጥያዎች ከብሮውዘር ስለጠፉ ነው። በተጨማሪም የመጀመሪያው ጥናት ተሳታፊዎች ስለ ጉዳዩ አስበው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ የሁለተኛው ግን ተራ ጎብኚዎች።

ሁለተኛው ቁጥር የሚያጽናና ይመስላል። ለእኔ ግን ብዙም አላጽናናኝም። የፈረንሳይኛ ገጽ የሚያነብ፣ ፈረንሳይኛ ስልክ የያዘ፣ ፓሪስ የሚኖር ሰው ብዙ አምሳያ አለው። የእኛስ?

አማርኛ አንባቢው ለምን ይበልጥ ይታያል?

መድረሳ የሚያስተምር አንድ ኡስታዝ ኮምፒውተር እናስብ። የድሮ የማስተማሪያ ጽሑፎቹን ለመክፈት ፓወር ግዕዝ ጭኗል። የቁርኣን አንቀጾችን በትክክለኛው ረስም ለማስገባት መዲና ከሚገኘው የንጉሥ ፋህድ ማተሚያ ማዕከል የተዘጋጀውን የዑስማኒ ፎንት አውርዷል። የብሮውዘሩ ቋንቋ አማርኛ፣ ቀጥሎ ዐረብኛ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ ነው። እነዚህ ሦስቱ ብቻ ተገናኝተው በዓለም ላይ ስንት ኮምፒውተር ላይ ይገኛሉ? የስክሪኑ መጠንና የግራፊክስ ካርዱ ሲጨመር ብቻውን ሊቀር ይችላል።

ከአገር ውጭ ላለው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ የሪያድ የሰዓት ሰቅ ያለው ስልክ በሚሊዮን ይቆጠራል። የሪያድ ሰዓት ይዞ ቋንቋው አማርኛ የሆነው ግን እጅግ ያነሰ ነው። ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ውስጥም እንዲሁ። ጂዳ ያለች አንዲት እህት በስልኳ ስለ ኢቃማ የምታነብበት ገጽ፣ ስለ ሕመሟ የምትጠይቅበት ገጽ፣ ስለ ትዳሯ ፈትዋ የምትፈልግበት ገጽ ለእሷ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ሦስቱም ላይ የአንድ ተከታታይ ኩባንያ ኮድ ካለ ግን ለኩባንያው የአንድ ሰው ሦስት እርምጃ ሊሆኑ ይችላሉ። ስሟን ባያውቅም ያ ስልክ መሆኑን ያውቃል። ከእነዚህ ገጾች በአንዱ ስሟን ወይም ስልክ ቁጥሯን የሞላች ቀን የቀረው ሁሉ ከስሟ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ይከፈታል።

“እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?” የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። መልሱን ከእኛው ዘንድ የምናገኝበት አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ክፍል፣ በዚያን ጊዜ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዶ የነበረው ሙስሊም ፕሮ የተባለ የሶላት ሰዓትና የቂብላ አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ ሞድ ለተባለ ድርጅት ይልክ እንደነበር፣ የኤክስ ሞድ ደንበኞች መካከልም ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች እንዳሉ ዘገበ። አፑ ወዲያው ከኤክስ ሞድ ጋር ያለውን ግንኙነት እንዳቋረጠ አስታወቀ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ በጥር 2024 ድርጅቱ የአምልኮ ቦታዎችን የመሳሰሉ ጥብቅ መገኛዎችን መረጃ እንዳይሸጥ የሚያግድ ስምምነት ላይ ደረሰ። ያ የብሮውዘር አሻራ ሳይሆን የስልክ መገኛ ጉዳይ ነበር፤ መንገዱ ሌላ ነው። ያነሳሁት ግን ለማስታወቂያ ተብሎ የተሰበሰበ መረጃ ማን እጅ እንደሚገባ ሰብሳቢው እንኳ ሁልጊዜ እንደማይቆጣጠር ስለሚያሳይ ነው። የሶላት ሰዓት ያየ ሰው የሚደብቀው ነገር ኖሮት አልነበረም።

በሌላ በኩል አሻራ የሚወስድ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ባንኮችና የክፍያ ድርጅቶች የይለፍ ቃላችን ተሰርቆ ከማይታወቅ መሣሪያ ሲገባ የሚነቁት በዚሁ ዘዴ ነው። በገንዘብ አካውንታችን ላይ ይህ ጥበቃ እንዲጠፋ አንፈልግም።

የማስታወቂያው ዓለም ግን ወደ አሻራው እያዘነበለ ነው። ጉግል በ2019 አሻራ መውሰድ የተጠቃሚውን ምርጫ የሚጥስ ስህተት መሆኑን ጽፎ ነበር። በታኅሣሥ 2024 ግን ማስታወቂያ አስነጋሪዎች እንዳይጠቀሙበት የከለከለውን ደንብ ከየካቲት 16 ቀን 2025 ጀምሮ እንደሚያላላ አስታወቀ። የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ኃላፊነት የጎደለው ብሎታል። በሕግ በኩል የአውሮፓ ኅብረት ደንቦች አሻራን እንደ ኩኪ ፈቃድ የሚጠየቅበት አድርገው ያዩታል። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ሆኖም በዓይን የማይታይ ነገር ላይ አቤቱታ ማቅረብ ከባድ ስለሆነ ራሳችን የምናደርገውን እንይ።

የማይጠቅመውን አስቀድመን እንለይ

ኢንኮግኒቶ ወይም “የግል መስኮት” የሚባለው በአብዛኛው የሚጠብቀን ከእኛ በኋላ ያንን ስልክ ከሚይዝ ሰው ነው። መስኮቱ ሲዘጋ ታሪክና ኩኪ ይጠፋሉ፤ ስክሪኑ፣ ፎንቱና ግራፊክሱ ግን ያው ናቸው።

ቪፒኤን የሚቀይረው የኢንተርኔት አድራሻችንን እንጂ አሻራችንን አይደለም። እንዲያውም አንዳንዴ ያጋልጣል። አድራሻው አምስተርዳም፣ የሰዓት ሰቁ አዲስ አበባ፣ ቋንቋው አማርኛ የሆነ ጎብኚ ከሕዝቡ መሀል ቢጫ ጃኬት ለብሶ እንደቆመ ሰው ነው።

“አትከታተሉኝ” የሚል ምልክት የሚልከው ቅንብር ነገር ደግሞ የሚያሳዝን ነው። አብዛኞቹ ድረ ገጾች አላከበሩትም፤ ምልክቱን ያበራ ሰው ካላበራው ስለሚለይ ራሱ የአሻራ አካል ሆነ። አፕል ከሳፋሪ ያወጣው በ2019 ነው፤ ፋየርፎክስም በ2025 አስወጥቶታል።

ጥንቁቅ ሰዎች የሚሳሳቱበትም አለ። አሥር ዓይነት መከላከያ ኤክስቴንሽን መደርደር፣ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን “አይፎን ነኝ” የሚያሰኝ መሣሪያ መጫን፣ ቅንብሩን አንድ በአንድ መነካካት። አይፎን ነኝ እያለ የዊንዶውስ ፎንት የሚያሳይ ብሮውዘር በዓለም ላይ ስንት ይኖራል? እያንዳንዱ የግል ማስተካከያ ከሌሎች የሚለየን አንድ ተጨማሪ ምልክት ነው። ከአሻራ የሚያድነው መለየት ሳይሆን መመሳሰል ነው።

የሚረዳው

ብሮውዘር መምረጥ ከሁሉም ይቀድማል። የሚከላከሉት በሁለት መንገድ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ተጠቃሚዎቹን ሁሉ አንድ ማስመሰል ነው። ቶር ብሮውዘር የሰዓት ሰቁን ለሁሉም አንድ ያደርጋል፣ ለገጹ የሚያሳየውን ፎንት ይገድባል፣ የመስኮቱን መጠን ወደ ተወሰኑ ልኬቶች ያጠጋጋል። ሲከፈት ገጾችን በእንግሊዝኛ ልጠይቅልህ ወይ የሚል ጥያቄ ካመጣ “አዎ” ማለት ይሻላል፤ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ በአማርኛ መከፈቱን አይተውም። ከቶር ፕሮጀክት ጋር በትብብር በ2023 የወጣው ሙልቫድ ብሮውዘርም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ እሱ ግን የቶርን መረብ አይጠቀምም፣ የሚገኘውም ለኮምፒውተር ብቻ ነው። ቶር ይዘገያል፣ አንዳንድ ገጾችም አይቀበሉትም። ቶር መጠቀማችሁን ኢንተርኔት አቅራቢው ሊያይ ስለሚችል በምትኖሩበት አገር ሕጉ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ እወቁ፤ በተለይ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ መልሱን ማዘበራረቅ ነው። ብሬቭ የሥዕሉንና የድምፁን ውጤት ለየድረ ገጹ በጥቂቱ እየለዋወጠ ስለሚሰጥ፣ አንዱ ጋ የተለካው ሌላው ጋ ከተለካው ጋር አይገጥምም። ለስልክ ተጠቃሚ ምንም ቅንብር ሳይነካ ከሚያገኛቸው ጥበቃዎች ጥሩው ይህ ይመስለኛል። ፋየርፎክስ ከጥር 2020 ጀምሮ የታወቁ አሻራ ሰብሳቢዎችን ኮድ ያግዳል፤ የክትትል መከላከያውን ወደ ጥብቁ ደረጃ ማድረስ ይቻላል። አይፎን የያዘ ሰው ደግሞ ሳፋሪን ሳይነካካ ቢጠቀም አይከስርም፤ አንድ ሞዴል አይፎኖች እርስ በርስ በጣም ስለሚመሳሰሉ።

በአንድሮይድ ላይ ክሮም ከ2023 ወዲህ የስልኩን ሞዴል በመጀመሪያው መግለጫው ውስጥ መጻፍ ትቷል። ፌስቡክ ውስጥ ሊንክ ስትነኩ እዚያው የሚከፈተው መስኮት ግን ክሮም አይደለም፤ የአፑ የራሱ ብሮውዘር ነው። ፌሊክስ ክራውዘ የተባለ ባለሙያ በነሐሴ 2022 ፌስቡክና ኢንስታግራም በዚህ መስኮት በሚከፈቱ የሌሎች ገጾች ላይ የራሳቸውን ኮድ እንደሚያስገቡ አሳይቷል። ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ “በውጭ ብሮውዘር ክፈት” የሚለውን መምረጥ ትልመዱት።

ስለ ፎንት፦ የማያስፈልጉ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች ካሉ አስወግዱ። ዊንዶውስ ኢብሪማ በሚባለው ፎንቱ፣ ስልኮችም በራሳቸው ፎንት አማርኛን ያሳያሉ። የድሮ ሰነድ ያለበት ሰው ፎንቱን ማጥፋት አይችልም፤ እሱ ፎንቱን የሚገድብ ብሮውዘር ቢይዝ ይሻለዋል። እኔ የራሴን ኮምፒውተር ስፈትሽ ከሁሉ በላይ የለየኝ ይኸው የፎንት ዝርዝር ነበር።

ስለ ቋንቋ፦ የስልካችሁን ቋንቋ አማርኛ አድርጋችሁ ብሮውዘሩ ለገጾች የሚናገረውን ቋንቋ ብቻ እንግሊዝኛ ማድረግ ይቻላል፤ በክሮም ቅንብር ውስጥ “ቋንቋዎች” በሚለው ስር ይገኛል። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም። ኢንተርኔቱ አማርኛን እንዲያውቅ ስንታገል ኖረን አሁን ደብቁት ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ለሁሉም ጊዜ አልመክረውም፤ ጥንቃቄ ለሚያሻው ንባብ ግን ሁለተኛ ብሮውዘር ጭኖ እሱን ብቻ እንዲህ ማድረግ ይበቃል። ስማችን ያለባቸውን አካውንቶች በአንዱ፣ የግል ጉዳያችንን በሌላው እንለይ። መለያየቱ ፍጹም አይደለም፤ የግራፊክስ ካርዱ አንድ ስለሆነ ሁለት ብሮውዘሮችን ማዛመድ እንደሚቻል በ2017 ታይቷል። ቢሆንም ሥራውን ያከብደዋል።

ለውጡን ለማየት የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንን “ከቨር ዩር ትራክስ” የተባለ የመፈተሻ ገጽ ከማስተካከላችሁ በፊትና በኋላ ክፈቱት። እያንዳንዱ ባሕርይ ከስንት ሰው አንዱ ላይ እንደሚገኝ ይነግራችኋል። ብሬቭ ላይ “ልዩ” ወይም “የተዘበራረቀ አሻራ” ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ዘዴው መለዋወጥ ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ያው አሻራ አይገኝም።

የመስጂድ፣ የመድረሳ ወይም የበጎ አድራጎት ድረ ገጽ ለምታስተዳድሩ

በ2014ቱ ጥናት አሻራ ሲወስዱ ከተገኙት ገጾች አብዛኞቹ ባለቤቶቻቸው ምንም አያውቁም ነበር። ገጻቸው ላይ ያስገቡት አድዚስ የተባለ ድርጅት የሚያድለውን ነፃ “ለወዳጅዎ ያጋሩ” ቁልፍ ነበር፤ ኮዱ ከቁልፉ ጋር አብሮ ገባ። የዋይት ሐውስ ድረ ገጽ ሳይቀር በዚህ መንገድ ተገኝቷል። የሶላት ሰዓት ማሳያ፣ የጎብኚ መቁጠሪያ፣ የማስታወቂያ ሳጥን፣ የመወያያ መስኮት... ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የሚለጠፍ ኮድ ሁሉ ዘካ ለመስጠት ወይም ፈትዋ ለመጠየቅ የመጣውን ሰው ለሦስተኛ ወገን ሊያሳይ ይችላል። ጠያቂው ያመነው እናንተን ነው። “ዘ ማርካፕ” የተባለው የዜና ድርጅት በ2020 ያወጣው “ብላክላይት” የተሰኘ ነፃ መሣሪያ አለ፤ የድረ ገጻችሁን አድራሻ ስታስገቡበት ሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን፣ ተከታታይ ኮዶችንና የሥዕል አሻራ የሚወስዱትን ለይቶ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ ለምን እንዳስገባችሁት የማታስታውሱትን ኮድ አውጡት፤ የማጋሪያ ቁልፍ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ምንም ኮድ በሌለው ተራ ሊንክ መሥራት ይቻላል።